የአክስቴ ቫይታሚን

አክስቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ብሄድ ማታ ማታ መስኮት ከፍታ ትተኛለች። የቱሉ ዲምቱን ነፋስ የሚያውቅ ይፍረደኝ። እኔ ጋቢ ተከናንቤ እንቀጠቀጣለሁ፣ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ላቧን ትጠርጋለች። «ይሄ ቫይታሚን ያነደኛል እኮ ልጄ» አለችኝ።

ቫይታሚን የተባለው ታሞክሲፈን የሚሉት የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። የጡት ካንሰር ሲገኝባት ወደ አጥንቷ ተሰራጭቶ ነበር። ሐኪሙ ለልጇ ነገራት፣ ልጇ ለእኔ ደወለችልኝ፣ «ለእሷማ አይነገርም፣ ከሰማች ትሞትብናለች» ተባባልን። አዎ፣ እኔም አለሁበት። ሜሪላንድ ቁጭ ብዬ በስልክ። ከዚያ ወዲህ ልጇ ኪኒኑን ከማሸጊያው እየፈለቀቀች የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ትጨምርላታለች።

እኔ ያለሁበት አገር ነገሩ ግልብጥ ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለ ደንብ የምርመራ ውጤት እንደወጣ ለበሽተኛው ይለቀቃል። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ውጤቷን ያነበበችው ሱፐርማርኬት በር ላይ፣ መኪናዋ ውስጥ፣ ብቻዋን ነው። ሐኪሟ የደወለችላት በማግስቱ። ይሄንንም ደግ ነው አልልም። ግን ዛሬ በሽታዋን አብጠርጥራ ታውቃለች። ካንሰሩ የሆርሞን ተቀባይ እንዳለው፣ ማለትም በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው አጥንቷ ላይ እንዳረፈ፣ የያዘችው መድኃኒት መሥራት ሲያቆም ወደ የትኛው እንደሚያዛውሯት። ደረጃ 4 ነው፤ እንደ አክስቴ፣ ከጡት አልፎ የተሰራጨ ማለት ነው። አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሥራ ትገባለች፣ እኛንም ትጨቀጭቃለች።

እኛ ቤት ግን «ደረጃ 4» ሲባል ድንኳን ነው የሚታየን። «አይድንም» የምትለዋን ሰምተን «ይታከማል» የምትለዋ ላይ ጆሯችን ይደፈናል። ስለ መሣሪያ እጥረት ስናወራ እናመሻለን። እውነት ነው፤ ለዓመታት በአገሩ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። እጃችን የገባውንስ? ካንሰሩ ኤስትሮጅን በሚባለው ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ ታሞክሲፈን መንገዱን ይዘጋበታል። አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1977 የተፈቀደ አሮጌ ኪኒን ነው፤ ዋጋውም ከአዳዲሶቹ ጋር አይወዳደርም። ለአክስቴ የታዘዘላት በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ አንድ ፍሬ፣ ሳይቋረጥ። ሙቀቱም የታወቀ ጠባዩ ነው።

ቫይታሚን ሳያቋርጥ የሚውጥ ማነው?

ብልቃጡን ገልብጬ ብቆጥር ከሚገባው በላይ ተርፏል። «ጎኔን ሲሻለኝ እተወዋለሁ» አለች። «በከንቱ ለምን ልንደድ? ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴም ደከመኝ ስትል ሁለት ሰጥቻታለሁ።»

ልጇ ኩሽና ውስጥ ቧንቧውን ዘጋችው።

በማግስቱ ከቡና በኋላ ነገርናት። እኔ ጀመርኩ፣ መሐል ላይ ጠፋብኝ፣ ልጇ ጨረሰችው። አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «የካንሰር ክፍል እየወሰዳችሁኝ ለጉንፋን የመሰለኝ መሰላችሁ? በሩ ላይ ተጽፏል እኮ፣ ማንበብ እችላለሁ። የምታለቅሱት እናንተ ስለሆናችሁ ነው ዝም ያልኩት። ኪኒኑን ነው ያላወቅኩት።»

ከዚያ የተቆጣችው በኪኒኑ ነው። ስንት ቀን እንዳለፋት በጣቷ ቆጠረች፣ ተሳሳተች፣ እንደገና ቆጠረች። ማሸጊያው ይምጣልኝ አለች። መነጽሯን አድርጋ ስሙን ፊደል በፊደል አነበበችውና ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ሥር አስቀመጠችው።

«እስክሪብቶ አምጪ» አለቻት ልጇን። የዛሬውን ቀን ከበበችበት። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች፤ ጎረቤቷ ሁለቱን ፍሬ ውጣው እንደሆነ ልታጣራ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረደች።