ውሃውን የምንጠጣ ለተራራው እንክፈል

ድሬዳዋ ላይ ልማት ሲባል የሚነሳው ነፃ የንግድ ቀጠናው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ባቡሩ ነው። ሐረር ላይ ደግሞ ጀጎልና ቱሪስቱ። ይነሱ፣ ጥሩ ነው። ግን ሁለቱንም ከተሞች የሚያበላው የሐረርጌ ደጋ ነው፣ የእሱን ነገር ከጉዳይ የሚቆጥረው ደግሞ ጥቂት ሰው ነው።

ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ወደ ሐረማያ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ኮረብታው እስከ አናቱ ታርሷል። የአንድ ቤተሰብ መሬት ብዙ ጊዜ ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም፣ እዚያችው ላይ ግን ማሽላው፣ በቆሎው፣ ጫቱ፣ አልፎ አልፎም ቡናው ጎን ለጎን ይበቅላል። ስሙ የገነነው የሐረር ሰንጋም የሚደልበው እዚሁ ነው። በሬው ደጅ ታስሮ፣ ማሽላው ሲሳሳ የሚነቀለውን ቡቃያ፣ ቅጠሉንና አገዳውን በእጅ እየተመገበ ነው ለገበያ የሚደርሰው። ከማሳው የሚጣል ነገር የለም። እንዲህ ያለ እርሻ ትልቅ ዕውቀት ነው፣ ኋላ ቀር ሲባል ስሰማ ያናድደኛል።

ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ ብለን ገበሬውን መውቀስም ይቀናናል። ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው። ጫት ውሃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ወዲያው አወዳይ የጫት ገበያ ወርዶ ይሸጣል፣ ከዚያም ወደ ጅግጅጋ፣ ሶማሌላንድና ጅቡቲ ይጫናል። ልጅ ማስተማር ያለበት ሰው ሌላ ምን ያድርግ?

ችግሩ ውሃው ላይ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ለአሥርተ ዓመታት ሐረርን አጠጥቷል። ከተማው ሳበው፣ ጫትና አትክልት የሚያጠጣው ፓምፕ ሳበው፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈር ደግሞ ሞላው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀና ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ለሐረርም ከድሬዳዋ በኩል ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ውሃው ተራራ ሽቅብ በፓምፕ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውሃ መልሶ መያዙ ትልቅ ደስታ ነው፣ ያደረቀው ምክንያት ግን አልጠፋም።

ድሬዳዋም ትምህርቷን በመራራ መንገድ ነው ያገኘችው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነበር። ውሃውን ይዞ የሚያዘገይ ዛፍና እርከን ሲሳሳ ጎርፉ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይወርዳል። ከተማው ውስጥ የሚሠራ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ብቻውን አያስቆመውም።

እኔ የምለው ከተሞቹ ለደጋው ይክፈሉ ነው። ከውሃ ሂሳባችን ላይ ትንሽ ተቀንሳ፣ ከጫት ከሚሰበሰበው ቀረጥም ድርሻ ተጨምሮበት፣ ኮረብታው ላይ እርከን ለሚሠራና ችግኝ ለሚያሳድግ ገበሬ በእጁ ይድረሰው። ካለችው ቁራሽ መሬት ላይ ለእርከን ቦታ ሲለቅ ከእህሉ ነው የሚያጣው፣ በነፃ የዘመቻ ጉልበት ብቻ ይሠራ ማለት ግፍ ነው።

የሚያስቸግረው ነገር አስተዳደሩ ሦስት ቦታ መከፈሉ ነው። ደጋው በአብዛኛው ኦሮሚያ ነው፣ ሐረር ራሱን የቻለ ክልል፣ ድሬዳዋ ደግሞ ከተማ አስተዳደር። እያንዳንዱ በጀቱን ከወሰኑ ማዶ ማውጣት አይፈልግም፣ ጎርፉ ግን ኬላ ላይ ቆሞ መታወቂያ አያሳይም። ስለዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ተቀምጠው የጋራ ፈንድ ያቋቁሙ። ሥራውን ከደቻቱ ተፋሰስ ቢጀምሩ እመርጣለሁ፣ ያውም ክረምቱ ሳይገባ።