ጥምቀተ ባሕሩ ከጥር 11 በኋላስ?

ወገኖቼ፣ በተለይ ጎንደሬዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ነገሩ የፋሲለደስ መዋኛ ነው። በየዓመቱ ከተራና ጥምቀት ነጭ ለብሰን የምንጎርፍበት፣ ታቦታቱን አጅበን እልል የምንልበት ቦታ። ያኔ ሁላችንም የእኛ ነው እንላለን። ጥር 12 ሲነጋ ግን ውሃው ላይ የቀረውን ሃይላንድ የሚለቅመው ማነው? አብዛኞቻችን ቤታችን ነን።

መጀመሪያ ምን እንደያዝን እንወቅ። ቦታው ከነገሥታቱ ግንቦች ቅጥር፣ ከፋሲል ግቢ፣ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ከነገሡት ከአፄ ፋሲለደስ ነው። ገንዳው ውስጥ በድንጋይ ቅስቶች ላይ የቆመ ባለ ሁለት ፎቅ ግንብ አለ። የሚገባበትም በድልድይ ነው። ምሽግ እንዳትሉት ጠላት የሚመልስ ነገር የለውም፣ ቤተ መንግሥት እንዳትሉት ትንሽ ነው። ንጉሥ ከከተማው ግርግር ወጥቶ ነፋስ የሚቀበልበት ማረፊያ ነበር የሚሉ አሉ፣ ከመጀመሪያውም ለጥምቀት የታሰበ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የምወደው ይህንኑ ነው። አባቶቻችን ለጦርና ለግብር ብቻ ሳይሆን ዓይን እንዲያርፍበትም ድንጋይ ጠርበዋል። ወጣ ብሎ ጉልላት ያላት አንዲት ትንሽ ቤት አለች፣ የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት ይባላል። ስንቶቻችን ሄደን አይተናታል?

ጎንደር ደግሞ ያልደረሰባት የለም። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። እ.ኤ.አ. በ1888 የሱዳን ድርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አነደዱ። እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት ሲደበድቡ የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ተመታ። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ግንብ ዛሬ በምስማር ሲቧጨር ማየት ያማል።

አዎ፣ በምስማር። የጎንደርን ግንቦች ግድግዳ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ስም አለ፣ ልብ ተስሎ መሃሉ ላይ ሁለት ፊደል አለ፣ ዓመተ ምሕረት አለ። የጻፈው ልጅ ምንም ያጠፋ አይመስለውም። ልስኑ ግን ኖራ ነው። አንዴ ከተሰነጠቀ ክረምት ላይ ውሃው በዚያች ጭረት ይገባል፣ ከኋላ ያላቅቀዋል፣ ከዚያ መዳፍ የሚያህል ልስን ተገንጥሎ ይወድቃል። ቀጥሎ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራ መታጠብ ይጀምራል። ልጃችሁ ምስማር ሲያነሳ አጠገቡ ቆማችሁ ፎቶ የምታነሱ ወላጆች፣ እናንተንም ነው የምለው።

ሌላው የሚያናድደኝ «ሲሚንቶ ገዝተው ቢለስኑት ምን ነበረበት» የሚለው ወሬ ነው። ተሞክሯል! ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ግንቦቹን ሲጠግኑ ሲሚንቶና አርማታ ተጠቀሙ፣ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ደግሞ ያንን እያነሱ በኖራ መተካት ነበረባቸው። ሲሚንቶ ከአሮጌ ድንጋይና ከኖራ ጋር አይስማማም። ይጠነክራል፣ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል፣ ድንጋዩም ከውስጥ ይበላል። የኖራ ሥራ ጊዜ ይፈልጋል፣ የለመደ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥገና ዘገየ ብለን ስንጮህ በችኮላ እንዲያበላሹት እየገፋፋን እንዳይሆን።

በገንዳው ዙሪያ አጥሩ ላይ ስለበቀሉት ዋርካዎችም ልናገር። ሥራቸው እንደ እጅ ጣት ድንጋዩን ጨብጦ ወደ ታች ወርዷል፣ ውበታቸውም የቦታው መታወቂያ ሆኗል። ግን ሥሩ የአጥሩን ድንጋይ ይዞታልም፣ እየፈለቀቀውም ነው። ነቅሎ መጣል ግንቡን ይዞ ይወርዳል፣ ዝም ብሎ መተውም አያዋጣም። እንግዲህ እንዲህ የተጨነቀ አጥርና ዛፍ ላይ ነው በጥምቀት ቀን «ከላይ ደህና ይታያል» ብለን በአሥርና በሃያ የምንሰቀለው። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚያው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው አልቋል፣ ከመቶ በላይ ቆስሏል። ይህን የረሳን እንመስላለን። አስተናባሪ ውረዱ ሲል ውረዱ፣ አትጨቃጨቁ።

እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን ሲመዘግብ መዋኛውም አብሮ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የጥምቀት በዓል ራሱ ተመዘገበ። ደስ ይላል፣ ግን ዩኔስኮ ጠዋት ተነስቶ ገንዳ አይጠርግም። ከዋሽንግተንም ከለንደንም ለበዓል የምትመጡ፣ እናንተም ባለቤት ናችሁ። በእስራኤል ያላችሁ ቤተ እስራኤላውያንም እንዲሁ፣ የጎንደርን ግንቦች ካነጹት ግንበኞችና አናጺዎች መካከል የእናንተ አያቶች አሉበት።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብለን ለልብስ የማንሳሳውን ያህል ለዚህ ቦታ አንሳሳ። የሰፈር ማኅበራት፣ የሰንበት ተማሪዎች፣ የአስጎብኚ ማኅበራት፣ ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ተራ ይዛችሁ ገንዳውን አጽዱ። አስተማሪዎች፣ ተማሪ ይዛችሁ ስትሄዱ ከታሪኩ በፊት ግድግዳ እንዳይነኩ ንገሯቸው። የተላቀቀ ድንጋይ ያየ ሰው ለማስታወሻ ብሎ ኪሱ እንዳይከት። እዚያው ይተወውና ጥበቃውን ጠርቶ ያሳየው፣ ምክንያቱም ጠጋኙ መልሶ የሚያስገባው ያንኑ ድንጋይ ነው።