ቀዩን ስቲከር መልሱ

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ የሳይንስ ክበብ ልጆች ኮሪደሩ ላይ ትልቅ የጨረቃ ካርታ ሰርተው ነበር። ከ1959 ጀምሮ (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጨረቃ ላይ የደረሰ መንኮራኩር ሁሉ የወረደበት ቦታ ላይ ስቲከር አለው፣ በሰላም ላረፈ አረንጓዴ፣ ለተጋጨና ለተከሰከሰ ቀይ፣ ስሩ በእስክሪብቶ ስሙና ዓመቱ ተጽፏል። የእህቴ ልጅ ክበቡ ውስጥ ስላለች ሲሰሩት አይቻለሁ፣ አንዷን ነጥብ ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ለማድረግ ስንቴ እንደሚከራከሩ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት የወላጆች ቀን ደረሰ ተብሎ ከአስተዳደር ትእዛዝ መጣ፣ ቀዮቹ ይነሱ የሚል። ተነሱም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ውድቀት ልጆችን ተስፋ ያስቆርጣል፣ ካርታውም ተጨናንቋል፣ ደግሞ ያልተሳካለት ደርሷል አይባልም ነው የተባለው።

ከመጨረሻው ልጀምር ምክንያቱም ያንገበገበኝ እሱ ነው። ያልተሳካለት አልደረሰም? ቆይ፣ ጨረቃን መጀመሪያ የነካው የሰው ልጅ ሥራ ምንድነው? የሶቪየቷ ሉና 2 ናት፣ መስከረም 1959። እንዴት ደረሰች? ተጋጭታ ነዋ! ፍሬን የሚባል ነገር አልነበራትም፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ተላተመች፣ ሲጀመር እቅዱም እሱ ነበር። ልጆቹ ህጋቸውን ጠብቀው ቀይ ለጠፉላት፣ ቀዮቹ ይነሱ ሲባል እሷም አብራ ተነሳች። ስለዚህ አሁን እዛ ኮሪደር ላይ የጨረቃ ታሪክ የሚጀምረው የካቲት 1966 ላይ ሉና 9 ስታርፍ ነው። ሰባት ዓመት ተቆርጦ ወደቀ። ሬንጀር 7ም የለችም፣ በ1964 ከ4,300 በላይ ፎቶ እየላከች ሄዳ የተጋጨችው። ኤልክሮስም የለችም፣ በ2009 ናሳ ሆን ብሎ ደቡብ ዋልታ አካባቢ ካቢየስ የሚባል ጉድጓድ ውስጥ አጋጭቷት ከተነሳው ብናኝ ውስጥ ውሃ የተገኘባት። ይሄን ሁሉ ያነሳ ሰው ካርታውን አንዴም ቆሞ አላነበበውም፣ ቀለሙን ብቻ ነው ያየው።

ተስፋ ያስቆርጣል ወደሚለው ልምጣ። የእኔ ጥያቄ ማንን ነው የሚያስቆርጠው ነው፣ ልጆቹን ነው ወይስ ትልልቆቹን? በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እየተባልን ስላደግን ሁሉም ሰው የወደቀበትን ደብቆ ነው የሚኖረው፣ ማትሪክ ያልመጣለት ልጅ ሰፈር ይቀይራል፣ የከሰረ ነጋዴ ስልኩን ያጠፋል፣ ቢሮዎቻችን ደግሞ ሪፖርት ሲጽፉ የተሳካውን ብቻ ቆጥረው ያቀርባሉ። ልጆቹ ግን ገና እዛ አልደረሱም፣ ቀይ ሲለጥፉ ሲያፍሩ አላየሁም፣ እንደውም በጣም የሚከራከሩት ቀዮቹ ላይ ነበር፣ ምን ሆና ነው፣ ሞተሯ ነው ሶፍትዌሯ ነው እያሉ።

ህንዶችን እንይ። መስከረም 2019 መጀመሪያ ላይ ቻንድራያን 2 ይዛት የሄደችው ቪክራም የምትባለው ላንደራቸው (ጨረቃ ላይ የምታርፈው መንኮራኩር) ልታርፍ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራት ግንኙነቷ ተቋረጠ። ይሄ ሁሉ በቀጥታ ስርጭት ነው፣ ሀገሩ በሙሉ ነቅቶ እያየ፣ የስፔስ ድርጅታቸው ኃላፊ ሲቫን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደረት ላይ ሲያለቅሱ ዓለም ሁሉ አየ። ከዛስ? ናሳ ሉናር ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር ከምትባለው ሳተላይት የተነሳውን የአካባቢውን ፎቶ ለህዝብ ለቀቀ፣ ቼናይ ከተማ የሚኖር ሻንሙጋ ሱብራማኒያን የሚባል ኢንጂነር፣ የናሳ ሰራተኛ እንኳን ያልሆነ፣ የበፊቱንና የአሁኑን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ነጥብ በነጥብ ሲያነጻጽር ስብርባሪዋን አገኘ፣ ታህሳስ ላይ ናሳም አረጋገጠለት። አንዲት የማትታይ ነጭ ነጥብ! ያቺ ናት ቀይ ስቲከር ማለት። ቀጥሎ ቻንድራያን 3ን ሲሰሩ ኢንጂነሮቹ የተነሱት ምን ሊበላሽ ይችላል ከሚለው ጥያቄ ነው፣ እግሮቿን አጠነከሩ፣ ነዳጅ ጨመሩ፣ 500 ሜትር በ500 ሜትር የነበረውን ማረፊያ ቦታ 4 ኪሎ ሜትር በ2.4 አድርገው አሰፉት። ነሐሴ 23 ቀን 2023 አረፈች፣ በሰላም። ከአራት ቀን በፊት፣ ነሐሴ 19፣ ከ1976 ወዲህ ጨረቃ ላይ አርፋ የማታውቀው ሩሲያ ሉና 25ን እዛው ደቡብ በኩል ከስክሳታለች። ከነዚህ ከሦስቱ አሁን ኮሪደሩ ላይ ያለው ቻንድራያን 3 ብቻ ነው። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ መጥቶ ሁለተኛዋስ የታለች ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምንድነው? ያቺን ቀይ ካነሳህ አረንጓዴዋን የሚያስረዳ ነገር የለህም፣ ከሰማይ ዱብ ያለች ነው የምትመስለው።

ውድቀትን የመደበቅ ነገር ደግሞ በዚሁ ታሪክ ውስጥ ተሞክሯል። ሶቪየቶች ወደ ጨረቃ የላኳት መንኮራኩር ከምድር ምህዋር መውጣት ካቃታት ኮስሞስ ብለው ቁጥር ይሰጧትና ዝም ነው፣ ሰው ወደ ጨረቃ ሊልኩበት የነበረው ኤን 1 ሮኬት አራት ጊዜ ተሞክሮ አራቱንም ጊዜ ሲከሽፍ ህዝባቸው ለዓመታት አልሰማም። አሜሪካኖች ደግሞ ሬንጀርን ሰው ፊት ነው የወደቁበት፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስቱም በተከታታይ፣ ሁለቱ ከምድር አካባቢ አልወጡም፣ ሁለቱ ጨረቃን ስተው አለፉ፣ አንዷ ሞታ የጨረቃ ጀርባ ላይ ወደቀች፣ ስድስተኛዋ ያለመችበት ቦታ ደርሳ ካሜራዋ አልሰራ አለ። ኮንግረስ ጠርቶ አፋጠጣቸው፣ ሰባተኛዋ ሰራች፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሰው አወረዱ። የቀደሙት በገንዘብ ብቻ ነው ብሎ ማንም አያሳምነኝም።

ነጥብ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው ደግሞ። በ1970 ሉና 17 ይዛት የወረደችው ሉኖኮድ 1 የምትባል ሮቨር (በጎማ የምትሄድ ሮቦት) ሥራዋን ጨርሳ ስትቆም የቆመችበት ቦታ በደንብ አልታወቀም ነበር፣ ላይዋ ላይ ከምድር የሚላክ ሌዘር የሚመልስ መስተዋት አለ ግን የት ላይ እንደሚያነጣጥሩ ስላላወቁ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይሰራ ተቀመጠ። በ2010 ያቺው የቪክራምን አካባቢ ያነሳችው የናሳ ሳተላይት ባነሳችው ፎቶ ተገኘች፣ ሌዘር ተላከ፣ መስተዋቱም መለሰ። አንድ ነጥብ ካርታ ላይ ስለጎደለች አርባ ዓመት። እና እኛ ያለችውን ነጥብ እንነቅላለን?

መጨናነቁ እሺ፣ እውነት ነው፣ ማሬ ክሪሲየም የሚባለው ጠቆር ያለ የጨረቃ ሜዳ ጋ ስቲከሮቹ ተደራርበው ነበር። ግን ለምን እንደተደራረቡ ያነበበ አለ? አርምስትሮንግና ኦልድሪን ገና ጨረቃ ላይ እያሉ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1969፣ አፈር አፍሳ ልትመለስ የተላከችው ሉና 15 እዛ ነው የተከሰከሰችው። በ1974 ሉና 23 እዛው ወርዳ ስታርፍ ተጎዳች፣ አፈሩን ሳታመጣ ቀረች። በ1976 ሉና 24 ከእሷ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ አርፋ 170 ግራም አፈር ይዛ ተመለሰች። መጋቢት 2025 ደግሞ ብሉ ጎስት የምትባል የአሜሪካ የግል ኩባንያ ላንደር እዛው ማሬ ላይ በሰላም ወረደች። ይሄ ነው እንግዲህ መጨናነቅ የተባለው፣ እኔ ብሆን ወላጆችን መጀመሪያ የማቆማቸው እዛ ጋ ነው። ጠበበ ከተባለ አነስ ያለ ስቲከር ይገዛል፣ ፒያሳ ወረድ ቢባል ከየጽሕፈት መሳሪያ ሱቁ ሞልቷል።

ለአስተዳደሩ የምለው ይሄን ነው፣ ስቲከሮቹ አልተጣሉም፣ ልጆቹ ቦታቸውን ደብተር ላይ ገልብጠው ይዘዋቸዋል፣ በአንድ ከሰዓት ይመለሳሉ። ከዛ ሌላም አለ። የጨረቃን ጀርባ ለብቻው ሌላ ክብ ካርቶን ላይ ስለውታል፣ በ1962 ምንም ፎቶ ሳትልክ የወደቀችው ሬንጀር 4 እዛ ናት፣ በ2019 መጀመሪያ ያረፈችው ቻንግ ኤ 4፣ በ2024 ከዛ አፈር ያመጣችው ቻንግ ኤ 6ም እዛ ናቸው። ካርቶኑ ተጠቅልሎ ክበቡ ክፍል ጥግ ላይ ቆሟል፣ ኮሪደሩ ላይ ቦታ የለም ተብሎ። የማስታወቂያ ሰሌዳው ጎን ሁለት ሜትር ባዶ ግድግዳ አለ፣ ለክቼዋለሁ፣ እዛ ይሰቀል፣ ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ።