ፎቅ ላይ የሚኖረውም ጓሮ ይገባዋል

ስለ ከተማ ግብርና ሲወራ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ግቢ ነው፤ አጥር ሥር የተደረደረ ጎመን፣ ጥግ ላይ የዶሮ ቤት። «የሌማት ትሩፋት» በኅዳር 2015 ይፋ ከሆነ ወዲህም ጎልቶ የሚሰማው የወተት፣ የእንቁላልና የማር ጉዳይ ነው። መልካም ነው። ነገር ግን በደሴና በኮምቦልቻ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ቤተሰብ ላም አያስርም፣ መደብ አይቆፍርም። ያለው አንድ መስኮት ነው፤ ቢቀናው ጠባብ በረንዳ። ምን እንደሚተከልበት ከታወቀ ግን ያ መስኮት ይበቃዋል።

ብዙ ጀማሪ ልቡ የሚሄደው ወደ ቲማቲም ነው። ቲማቲም ግን ሰፊ አፈርና ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በጠባብ ዕቃና በጥላ ውስጥ ቁመቱ ይመዘዝና ፍሬው ሳይታይ ይጠወልጋል። ድንችም ጥቅል ጎመንም ለመስኮት አይሆኑም። ለመስኮት የሚሆነው በቁንጥር የምንጠቀምበት ነገር ነው። ለቡናችን የምንፈልገው አንድ ዘለላ ጤና አዳም ሆኖ ሳለ ገበያ ወርደን አንድ እስር እንገዛለን፤ የቀረው ይደርቃል። ቡና ከአቦል እስከ በረካ በሚጠጣበት በወሎ ቤት መስኮት ላይ ጤና አዳም መታጣቱ ይቆጨኛል። ከጎረቤት የተለመነ ቅርንጫፍ የታች ቅጠሉ ተመልጦ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢተከል ሥር ይይዛል፤ ውሃ ብዙ አይጠይቅም፣ የደሴንም ብርድ ይችላል።

በሶብላ እንዲህ አይደለም። ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ያለ ችግር ይበቅላል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅጠሉን ያጠቁረዋል። ስለዚህ በእነዚያ ወራት ማታ ማታ ከመስታወቱ ወደ ውስጥ ይግባ። ቆስጣና ሰላጣ ብርዱን አይፈሩም፤ የዳር የዳሩ ቅጠል እየተቀነጠበ መሃሉ ከተተወ ደጋግመው ይሰጣሉ።

ዕቃውን መግዛት አያስፈልግም። አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ተጋድሞ የላይኛው ጎኑ በቢላዋ ይከፈታል፤ የታችኛው ጎኑ በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ይበሳል። ቀዳዳውን መዝለል የለም። የመስኮት ተክል ከጥማት ይልቅ በውሃ ብዛት ነው የሚሞተው፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ሥሩ ይበሰብሳል። ጥቁር አፈር ብቻውን ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ሲቀላቀልበት ይላላል። ጣት ወደ አፈሩ ሰደድ ተደርጎ እርጥበት ከተሰማ ውሃው ለነገ ይቆይ። የቧንቧ ውሃ በጠፋበት ሳምንት ምስር የታጠበበት ውሃ ይበቃል፤ የሳሙና ውሃ ግን አይሆንም።

በኢንተርኔት የሚነበቡ የውጭ አገር ምክሮች «ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት ምረጡ» ይላሉ። ለአውሮፓ ልክ ነው። ደሴ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። የደቡብ መስኮት የሚጠቅመን በበጋ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚያስተማምነው የምሥራቁ ነው፤ በተለይ ጦሳ ሥር ላሉ ሰፈሮች፣ ከሰዓት በኋላ ተራራው ፀሐይዋን ቀድሞ ስለሚጋርድባቸው።

የጎረቤት ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ አቃልዬ አላየውም። ከአራተኛ ፎቅ የሚወድቅ ጀሪካን ሰው ይገድላል፤ የሚንጠባጠብ ጭቃ ከታች የተሰጣ ልብስ ያበላሻል። መፍትሔው ግን መከልከል አይደለም። የነዋሪዎች ማኅበራት ዕቃው በሽቦ ከመስኮቱ ብረት ጋር እንዲታሰርና ከሥሩ ውሃ መያዣ እንዲኖረው ይደንግጉ፤ ይህን ላሟላ ይፍቀዱ።

ከከተማ አስተዳደሮቹ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ጀምሮ ለየክረምቱ ችግኝ ማፍላት ተለምዷል። ከችግኝ ጣቢያዎቹ አንድ አንድ መደብ ለጤና አዳም፣ ለበሶብላ፣ ለኮሰረትና ለቆስጣ ይመደብ፤ ችግኙም በግንቦት በየኮንዶሚኒየሙ በር ላይ በትንሽ ዋጋ ይሸጥ።