ሲመጡና ሲሄዱ የማይተካከል መንገድ

በአዲስ አበባው ቦሌና በዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከየትኛውም ጫፍ ቢለካ ቁጥሩ ያው ቢሆንም፣ በዚህ መስመር የተመላለሰ ሰው ግን መንገዱ ሁለት ዓይነት መሆኑን ያውቃል፤ ወደ አገር ቤት ሲመጣ የ13 ሰዓት ያህል ወጥ በረራ ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ ሲመለስ አውሮፕላኑ ሎሜን ወይም ደብሊንን በመሰለ ከተማ አርፎ ነዳጅ ስለሚሞላ ጉዞው ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ይህን የአየር መንገዱ የገበያ ስሌት ብቻ አድርገን የምናወራ ብዙዎች ነን። ዋናው ነገር ግን ከፍታ ነው። ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን ቦሌ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የለመዱትን ጉልበት አያገኙም፤ ስለዚህ በመንገደኛና በጓዝ የተሞላ አውሮፕላን አትላንቲክን የሚያሻግረውን ነዳጅ በሙሉ ተሸክሞ መነሣት ይቸግረዋል። በዚያ ላይ በውቅያኖሱ ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ የሚመጣውን ከኋላ ሲገፋ የሚሄደውን ከፊት ይጋፈጠዋል። በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል፤ ቦሌ ላይ የመንደርደሪያው መብራቶች አልፈው አልፈው «አሁንስ አስፋልቱ አለቀ» ሲባል ነው ጎማው መሬት የሚለቀው። (በርበሬና ሽሮ የጠቀጠቅንባቸው ሻንጣዎች ድርሻ ስንት እንደሆነ ማሰብ አልፈልግም።)

የመልክዓ ምድሩ ነገር በአገር ውስጥ ጉዞም ይታያል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ከዋሽንግተንም ኒው ዮርክ፣ በአየር ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የአሜሪካው አውራ ጎዳና ከአየሩ መስመር ብዙም ስለማይርቅ መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ የእኛው ግን ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ እየተጠማዘዘ ደጀን ወጥቶ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን ቀኑን ይበላዋል። እዚያ ፍተሻውና ጥበቃው ሲደመር መብረሩ እምብዛም አያተርፍም፤ በእኛ አገር ግን የአንድ ሰዓት በረራ ሙሉ ቀን ያድናል።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ርቀት ነው። በአሜሪካ በጋ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ነው፤ ቲኬቱ ላይ የሚታተመው ደግሞ ከእኛ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ይለያል። ይህን ረስቼ ለአጎቴ «7 ሰዓት እገባለሁ» ብዬ ጻፍሁላቸው። የደረስሁት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። የአገር ውስጥ ሲም ካርድ ስላልነበረኝ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ በሩን ሳይ ቆየሁ። አጎቴ ምሳቸውን በልተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ልክ በ7 ሰዓት መጡና «በሰዓቴ ነው የደረስሁት» እያሉ የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩኝ።