የአሰልጣኝ ደመወዝ በምን ይለካ?

ደሴ ላይ ቡና እየተጠጣ የተነሳ ክርክር ነው። ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ያሰለጥናሉ፤ ሦስተኛው በሌላ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ነው።

ብየዳ የሚያሰለጥኑት ትልቁ ሰው ናቸው የጀመሩት። "ያሰለጠንኩትን ልጅ የኮምቦልቻ ፋብሪካ አይኑን ሳያሽ ይወስደዋል። እኔ ዲግሪ ስለሌለኝ ያው ሲ ደረጃ ነኝ። አምና በዲግሪ የተመረቀው ከእኔ በላይ ቢ ደረጃ ሆኖ ይገባና ኤሌክትሮድ አያያዝ እኔን ይጠይቃል።"

ወጣቱ አሰልጣኝ አልተቀየመም። "እውነት ነው ጋሼ፣ ከእርስዎ ተምሬያለሁ። ግን እኔም አልተረፈኝም። የዲግሪ መነሻ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 11,500 ብር ሆነ፤ ግብሩ 2,100፣ ጡረታው 805 ሲቆረጥ እጄ የሚገባው 8,595 ነው። የቤት ኪራይ ገና አልነካሁም።"

"አብሽሩ" አለ የሰው ሀብቱ ባለሙያ። "የደመወዝ ስኬል ከትምህርት ማስረጃ ውጭ በምን ይለካ? ጎበዝ ነው የሚለው የኮሌጁ ዲን ከሆነ፣ በማግስቱ የዲኑ ዘመድ ሁሉ ጎበዝ ይሆናል። ደረጃ የሚወጣው እኮ ለሥራ መደቡ ነው፣ ለሰውየው አይደለም።"

"ወላሂ፣ እኔ ዲኑ ይመዝነኝ አላልኩም!" አሉ ትልቁ ሰው። "ተማሪዬ ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናው ማለት ነው፣ ሲቀመጥ ከውጭ የመጣ መዛኝ ፊት ቆርጦ፣ በይዶ፣ አሳይቶ ነው ብቁ የሚባለው። እኔንም እንዲሁ ይመዝኑኝና ውጤቱ እርከኔ ላይ ይታይ።"

እዚህ ላይ የሰው ሀብቱ ባለሙያ ዝም አለ። በጀቱን ማን ይሸፍነዋል ብሎ ነበር ቆይቶ የተመለሰው፤ በአሠራሩ ላይ ግን ሌላ መከራከሪያ አላመጣም።

እኔ ከትልቁ ሰው ጋር ነኝ። የባለሙያው ስጋት ተራ ስጋት አይደለም፤ ዝምድናና ምልጃ ባለበት ቦታ ግልጽ ስኬል ለደካማው ሠራተኛ ጋሻ ነው፣ መፍረስም የለበትም። ነገር ግን ስልጠናው በአብዛኛው ተግባር በሆነበት ቤት፣ ተግባሩን የሚችለው ሰው ከታች ሲቀር ጉዳቱ የእሱ ብቻ አይደለም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ የወሎ ወጣት ተስፋ ያደረገው ሙያ ይዞ ለመግባት ነው። ሙያውን የሚያስጨብጠው ሰው በር እና መስኮት መበየዱ የተሻለ ሲከፍለው ወርክሾፑን ትቶ ይሄዳል፤ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ሰልጣኙ ግን ማሽኑን በሥዕል እያየ ይመረቃል።

ከወጣቱም አምስት ሳንቲም መቀነስ የለበትም፣ የዲግሪው ልፋት ዋጋ አለው። የምጠይቀው ሁለተኛ መሰላል ነው፤ በውጭ መዛኝ የተረጋገጠ የተግባር ብቃትና በፋብሪካ የተሠራ የሥራ ልምድ ነጥብ ተሰጥቷቸው፣ የሲ ደረጃ አሰልጣኝ ዲግሪ ሳይዝም ከቢው እኩል ደመወዝ ላይ የሚደርስበት። ስኬሉ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከለስ ረቂቁን የሚያዘጋጁት ሰዎች ቢሮ ከመቀመጣቸው በፊት ብየዳ ክፍል ገብተው አንድ ሙሉ ቀን ይዋሉ።