በሬን የዘጋሁት አኩርፌ አይደለም

እኛ ቤት በር ከተዘጋ ግምቱ ሶስት ነው፣ ወይ አሟታል ወይ አኩርፋለች ወይ ከሆነ ሰው ጋር ስልክ ላይ ናት። ዝም ብላ ብቻዋን መቀመጥ አምሯት ይሆናል ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም፣ ቃሉ ራሱ የለንም መሰለኝ እኮ፣ ፕራይቬሲ ነው የምንለው፣ በአማርኛ ልበል ካልኩ "ብቻዬን" ነው የሚመጣልኝ፣ ብቻ ደግሞ እናቶቻችን ጋ ደስ የሚል ቃል አይደለም፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እያሉ ነው ያሳደጉን።

የምንኖረው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። አምስት ቋሚ ሰው አለ፣ እማዬ፣ አባዬ፣ ወንድሜ፣ እኔና ለትምህርት የመጣች የአክስቴ ልጅ፣ ስድስተኛው ተለዋዋጭ ነው፣ ከክፍለሀገር ለህክምና የሚመጣ ዘመድ አይጠፋም፣ ሳሎን ፍራሽ ይነጠፍለትና ቀጠሮው ተራዘመ ሲባል ወር ይሞላዋል። በምሬት አይደለም የምለው፣ ነገ እኔም የሰው ሳሎን ሊያስፈልገኝ ይችላል። ግን ድሮ ግቢ ቤት ሰርቪስ የሚባል ነገር ነበር፣ ልጁ ጎርመስ ሲል እዛ ይገባል፣ እንግዳም እዛ ያርፋል፣ ከቤተሰቡ ሳይለይ የራሱ በር አለው። 20/80 ሲሰራ ሰርቪስን ያሰበ የለም (የበግ ማረጃ ኮሚናል ግን ታስቦልናል)።

ቢሆንም ጥፋቱን ሁሉ ካሬ ሜትር ላይ መጣል አልችልም። እማዬ ጠዋት 11 ሰዓት ጸሎት ስትቆም ቤቱ ውስጥ ኮሽ አይልም፣ ሰው ቢመጣ እንኳን "ጸሎት ላይ ናት" ተብሎ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አባዬ የ2 ሰዓት ዜና ላይ ከሆነ ብትጠሩትም አይሰማም፣ የሚጠራውም የለም። ወንድሜ ቤቱ ሲጨንቀው ጃኬቱን አንስቶ ይወጣና ሰፈር ካፌ በረንዳ ላይ ያመሻል፣ የት ነበርክ አይባልም። ስለዚህ ቤታችን የሰው ጊዜ ማክበር ያውቅበታል፣ ያላወቀበት የሴቶቹን ልጆች ጊዜ ነው። እኛ ከስራ ከገባን ለሁሉም ክፍት ነን፣ ቡና ይፈላ፣ እንግዳ መጣ፣ እስቲ ይቺን ሚስድ ኮል ማን እንደሆነ እዪልኝ።

"ስፔስ ስጡኝ" የሚለውን የቲክቶክ ምክር ሞክሬዋለሁ፣ እማዬ ምን አደረግንሽ ብላ ሁለት ቀን አለቀሰች። የሰራልኝ እነሱ በሚያውቁት መንገድ መጠየቅ ነው። ማስተርስ እየተማርኩ ስለሆነ ከምሽቱ 3 እስከ 5 ጥናት ነው አልኩ፣ ልክ እንደ ጸሎቱ፣ ልክ እንደ ዜናው፣ ሰዓቱ ሳይዛነፍ። ከዛ በፊት ግን ቡናው ላይ ከአቦል እስከ በረካ አልነሳም፣ ስልክም አልነካም። ቡና ላይ ያልተቀመጠች ልጅ በር ስትዘጋ ኩርፊያ ነው፣ ሶስተኛውን ጠጥታ ስትዘጋ ጥናት ነው። የአክስቴ ልጅም ኢርፎኗን አድርጋ አልጋው ላይ ናት፣ ካልተነጋገርን እሱም ብቻ መሆን ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ ጥናት አይደለም፣ ጣራ እያየሁ መተኛት ነው። የሚያናድደኝ ለዚህም ሰበብ ማስፈለጉ ነው፣ ወንድሜን ካፌ በረንዳ ላይ ምን እያጠናህ ነው ያለው የለም።

ባለፈው ሳሎን ያረፉት አጎቴ ሲጠሩኝ እማዬ "ተዋት፣ ጥናት ላይ ናት" ስትላቸው ሰማሁና ደስ አለኝ። የኮንዶ ግድግዳ ስለሆነ ቀጥላ ያለችውንም ሰማሁ፦ "ቆይ ግን ይሄ ማስተርስ የሚሉት ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?"